ተሰብስባ

ሰባተኛ «ለ» ነን፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣
ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ትምህርት የሚቋረጥ።
እንድሪስ ገብሬ ገና ከደሴ መምጣቱ፣
ኮቱ የታላቅ ወንድሙ፣ ጫማው የአባቱ፣
ፊት ለፊቱ «አንቱ» ስንል፣ «እሱ» የሆነ በሐሜቱ፣
ጠመኔውን ከሁለት ሰብሮ ግማሹን ለነገ አስቀረ፣
«ተውሳከ ግስ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ አሰመረ።

«ግስ ብቻውን ራቁቱን ነው፤ እንዴት? ብላችሁ አልብሱት፤
ሄዱ ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ መንገድ ላይ ነው የጣላችሁት።
ዛሬ የምናየው ግን የብዙዎቹን ነው፣
አንድ ሰው የማይበቃው፣ ከሁለት ወዲያ ላለው።»

ከዚያ ደረደረው፣ ሰሌዳው እስኪያቃስት፦
በአንድነት፣ በጋራ፣
በመንጋ፣ በተራ፣
ጥንድ ጥንድ፣ ተያይዘው፣
ግር ብለው፣ ተግተልትለው፣
ተሰብስበው።

ደርቤ ተነሣ፦ «ግመሎቹ ተግተልትለው ባቲ ገቡ።»
«ጥሩ። ግመል አይቸኩልም፣ ቃሉም አይቸኩልም። ተቀመጥ።»
አሚናት፦ «ትኋኖቹ በመንጋ ከፍራሻችን ወጡ።»
ክፍሉ በጋራ ሳቀ
(ማንም አልጻፈው እንጂ እሱም ምሳሌ ነበር)።
እኔ ከመስኮቱ ሰረቅሁ፦
«ይብራዎቹ በአንድነት ከሐይቁ ተነሡ።»
የተነሣው አንዱ ብቻ ነበር፣
ሌሎቹ እዚያው ውሃው ላይ ነበሩ፤
ግን አምስት ከአምስት አገኘሁ።

ከኋላ ወንበር ጦይባ መርሻ፣
ደብተሯን ሳትገልጥ፦
«እናቴ ተሰብስባ ተቀመጠች።»

እንድሪስ ፈገግ አለ። «ስንት እናት አለችሽ፣ ጦይባ?»
እኛም ግር ብለን ሳቅን፣ የታዘዝን ያህል።
«አንዲት ሴት አትሰበሰብም። አክስትሽን ጨምሪ፣
ጎረቤት ጥሪ፣ እናቶች በይና ግሱንም አብዢው።»

ጦይባ ማንንም አልጨመረችም።
«ጋሼ» አለች፣
«የአባዬ አይሱዙ ከባቲ ቁልቁለት የወደቀ ለት
ሰው ግር ብሎ መጣ።
ቅሬው በጋራ ድንኳን ተከለ፣
ሴቶቹ ተያይዘው አለቀሱ፣
አብሽሪ አሏት፣ በአንድነት አብሽሪ አሏት።
በሰባተኛው ቀን ጥንድ ጥንድ ሆነው ወጡ፣
በአርባው አንድ ባንድ።
የመጨረሻዋ ሴትዮ ድስቱን ይዛ ሄደች፣ የእሷ ስለነበረ።
ያን ጊዜ እናቴ
እጇን ከየሰዉ ትከሻ፣
ድምጿን ከድንኳኑ፣
ዓይኗን ከመንገዱ መልሳ፣
ጉልበቷን አቅፋ፣ ከግድግዳው ጥግ
ተሰብስባ ተቀመጠች።
ብዙ ነበረች፣ ጋሼ።»

ማንም አልሳቀም። ያም በጋራ ነበር።

እንድሪስ ቀይ እስክሪብቶውን ከፈተው፣ መልሶ ዘጋው፣
ለነገ ያስቀረውን ጠመኔ ከኪሱ አወጣው፣
ከዝርዝሩ ግርጌ አንዲት ቃል ሊጽፍ ሲል
ዝናቡ ወረደ በጅምላ፣ ቆርቆሮው የተቀደደ እስኪመስል።
ምን እንደጻፈ አላየንም፣ ጀርባው ጋርዶት ቀረ፤
ተረኛው እኔ ዳስተር ይዤ ስቀርብ ሰሌዳው ተጠርጎ ነበረ።

ዛሬ የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነኝ።
ማን ከእነማን ጋር እንደመጣ እመዘግባለሁ፣
የቀረውን ስሙን ጠርቼ እቀጣለሁ።
ጦይባን ኮምቦልቻ ናት ይላሉ፤ ጅዳ ናት የሚሉም አሉ።
ትናንት ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከአንድ ጠባብ በረንዳ፣
ልጆቻቸው በተራ የሄዱባቸው፣
ሚስታቸው አምና ያረፉባቸው
አንድ ሽማግሌ አየሁ፤
ያ «እሱ» ያልነው ልጅ «እሳቸው» ሆኖ፣
ጋቢው እስከ ጆሮው።

ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግረው
አፌ ያመጣው ይህንኑ ነው፦
«ጋሼ እንድሪስ ተሰብስበው ተቀምጠዋል።»
ልጄም ሰባተኛ ክፍል ነው።
ከደብተሩ ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦
«ከነማን ጋር?»